ግድግዳ ከማቆማችን በፊት እንመካከር

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ፕሮግራማችን የምናነሳው ርዕስ ሁላችንንም የሚነካ ነው፤ እሱም ቤት ነው። በተለይም ትንሽ ቦታና ትንሽ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ቤቱን እንዴት ይከፋፍል የሚለውን ጉዳይ ነው። ስለ ቤት ሲነሳ አብዛኞቻችን ወዲያው የምንጠይቀው «ስንት ክፍል አለው?» ብለን ነው። «ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል? ቀኑንስ እንዴት ያሳልፋል?» ብለን ግን ብዙም አንጠይቅም። ጥያቄውን በዚህ መልክ አለማንሳታችን ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ ቤት ገብተን ያየነውን እንንገራችሁ።

ቤቱ ያለው ልደታ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቱ ወንድማችን ተወልዶ ያደገው እዚያው ልደታ፣ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። እንደምታስታውሱት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ከነዚያ ቤቶች አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው በቀበሌ ሥር ገቡ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ስንትና ስንት ቤተሰብ በጭቃ ቤቶች ውስጥ፣ በጋራ ግቢና በጋራ መጸዳጃ ቤት ኖረ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የልደታ ነባር ሰፈር በመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ቅድሚያ ክፍያውን የቻለ የቀበሌ ተከራይ ኮንዶሚኒየም እንዲገባ፣ ያልቻለው ደግሞ በሌላ ቦታ ምትክ የቀበሌ ቤት እንዲያገኝ ተደረገ። ወንድማችን ቅድሚያ ክፍያውን ከዘመድ ተበድሮ፣ ከዕቁብ ጨምሮ ከፈለ። እዚያው ልደታ ቀረ፤ አልሐምዱሊላህ።

ሲገቡ ሦስት ነበሩ፤ እሱ፣ ባለቤቱና እናቱ። ዛሬ ሰባት ናቸው። ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ልጆች ተወልደዋል። የመጀመሪያዋ 13 ዓመቷ ነው፤ የመጨረሻው 6። ቤቱ ውስጡ ሲለካ 36 ካሬ ሜትር ነው። ሳሎኑ 4 በ4 ሜትር፣ ትልቁ መኝታ ቤት 3 በ3፣ ትንሹ መኝታ ቤት 2.5 በ2.4፣ ማዕድ ቤቱ 2 በ1.6፣ መጸዳጃና መታጠቢያው 1.5 በ1.2 ነው። ይህን ልብ በሉልን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ልጆቹ ሲያድጉ ወንድማችን ተጨነቀ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለይ ማዘዛቸውን ያውቃል። «ስለዚህ ሦስተኛ መኝታ ቤት ያስፈልገኛል» አለ። ዕቁብ ሲደርሰው ግንበኛ ጠራና ሳሎኑን መሐል ለመሐል በብሎኬት አስከፈለው። ከማንም ጋር አልተመካከረም። ባለቤቱ ከሥራ ስትመለስ ግድግዳው እስከ ወገቧ ቆሞ አገኘችው። እናቱም ሶፋው ጥግ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩ ነበር።

ምን ሆነ መሰላችሁ? የ10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በሁለት በኩል ሲለሰን 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል። 4 ሜትር የነበረው ሳሎን 2 ሜትር ስፋት ቀረው፤ አዲሱ ክፍል ደግሞ 1.86 ሜትር። መስኮቱ በአዲሱ ክፍል በኩል ስለዋለ ሳሎኑ በቀን መብራት የሚበራበት ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። ጀመዓ ሆኖ የሚሰገድበት ቦታ ጠፋ። ከስድስት ወር በኋላ ግድግዳው ፈረሰ። አንድ ጊዜ ለመሥራት፣ አንድ ጊዜ ለማፍረስ፣ አንድ ጊዜ ፍርስራሹን በጆንያ ደረጃ ለደረጃ ለማውረድ ተከፈለ። «ያ የልጆቼ የአንድ ዓመት የትምህርት ቤት ወጪ ነበር» ብሎ ነገረን።

አድማጮቻችን፣ ይህን የምናወሳው ወንድማችንን ለመውቀስ አይደለም። ነይየቱ ያማረ ነበር። የጎደለው ምክክር ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አሽ-ሹራ ምእመናንን ከሚያወድስባቸው ባሕርያት አንዱ ጉዳያቸውን በመመካከር መፈጸማቸው ነው። ይህ ለአገር ጉዳይ ብቻ የመጣ አይምሰለን፤ ለ36 ካሬ ሜትርም ይሠራል። ምክክር ደግሞ ምንም የማይከፈልበት ባለሙያ ነው።

ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ቤተሰቡ ያደረገውን እንንገራችሁ። አንድ ምሽት ከዒሻ በኋላ ሰባቱም ተቀመጡ። የሒሳብ ደብተር፣ ባለ ካሬውን ማለት ነው፣ መሐል አደረጉ። እርሳሱን የያዘችው እናትየዋ ናት። በመጀመሪያ ግን ምንም አልተሳለም፤ ቀኑ ተቆጠረ። የሙስሊም ቤት ቀን በአምስቱ ሰላት የተከፈለ ስለሆነ ለመቁጠር ይቀላል። «ለሱብሕ ማን ቀድሞ ይነሳል? የት ውዱእ ያደርጋል? የት ይሰግዳል? ዙህር ላይ ቤት ማን አለ? ዐስር ላይ ልጆቹ የት ያጠናሉ? መግሪብ ላይ ማን ማዕድ ቤት ነው? ከዒሻ በኋላ ማን የት ይተኛል?»

ከዚህ ጥያቄ ማንም ያልጠበቀው ነገር ወጣ። የቤቱ ትልቁ ችግር የመኝታ ቤት ቁጥር ሳይሆን የሱብሕ ሰልፍ ነበር። ሰባት ሰው፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ ቧንቧ። አንዱ ውስጥ ከገባ ስድስቱ ውጭ ይጠብቃሉ። አያትየዋ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እግራቸውን ለማጠብ ይቸገራሉ። እስከዚያን ቀን ለማንም ነግረው አያውቁም። «ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ለእኛም ሲነግሩን፣ «ልጆቼ፣ እኔ የቀበሌው ቤት አይደለም የናፈቀኝ፤ ግቢው ነው። በርጩማዬን አውጥቼ፣ በጀበናዬ ውሃ ይዤ ተረጋግቼ ውዱእ የማደርግበት» አሉን።

መፍትሔው ርካሽ ሆነ። የእጅ መታጠቢያው ከመጸዳጃው ውስጥ ወጥቶ በዚያው ግድግዳ በውጭ በኩል ተተከለ። ቧንቧውም ፍሳሹም እዚያው ግድግዳ ላይ ስለነበሩ ብዙ መቆፈር አላስፈለገም። አንዱ ውስጥ እያለ ሌላው ውጭ ውዱእ ያደርጋል። ከውስጥ፣ ከወለሉ ፍሳሽ በላይ፣ ዝቅ ያለ አንድ ቧንቧ ተጨመረ፤ አጠገቡ በርጩማ ተቀመጠ። የእናት ጉልበት ዐረፈ። ከአንድ ግድግዳ ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ሕግ አለ። ቤት ውስጥ ውድ የሆነው ውሃ ያለበት ቦታ ነው። መኝታ ቤትን ወደ ሳሎን፣ ሳሎንን ወደ መኝታ ቤት መለወጥ ይቻላል፤ መጸዳጃንና ማዕድ ቤትን ግን ከቦታቸው ማንቀሳቀስ ወለል መስበር ነው። በፎቅ ላይ ደግሞ ከታች ላለው ጎረቤት ጣሪያ መንጠባጠብ ሊያመጣ ይችላል። አዲስ ቤት በመሬት ላይ የምትሠሩም ብትሆኑ ማዕድ ቤቱን፣ መጸዳጃውንና መታጠቢያውን አንድ ግድግዳ እንዲጋሩ አድርጉ፤ ቧንቧው ያጥራል፣ ወጪውም ያንሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማችን ደግሞ የበርሜል ቦታ ገና በፕላኑ ላይ ይታሰብ። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል።

መጸዳጃን ካነሳን የቂብላን ነገር ሳንናገር አናልፍም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በምንጸዳዳበት ጊዜ ወደ ቂብላ ፊታችንንም ጀርባችንንም እንዳናዞር፣ ይልቁንም ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንድንዞር ለመዲና ሰዎች መናገራቸውን አቡ አዩብ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። መዲና ላይ ቂብላ ወደ ደቡብ ነው፤ እኛ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን፣ በጣም ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ምሥራቅና ምዕራብ የሚለው መመሪያ ለእኛም ይሠራል። በግድግዳ በተከለለ ቤት ውስጥ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ተሠርቶ ያለቀውን ለማፍረስ አትቸኩሉ። ገና ያልተተከለ ከሆነ ግን መቀመጫውን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማዞር ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ከልዩነትም ያወጣል።

አሁን ወደ እርሳሱ እንመለስ። የቤት ፕላን ለማውጣት የሕንፃ ኮሌጅ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። በባለ ካሬው ደብተር ላይ እያንዳንዱን ካሬ እንደ 25 ሳንቲ ሜትር ቁጠሩት፤ 4 ካሬ 1 ሜትር ይሆናል። ቤታችሁን በሜትር ለኩ። በርና መስኮት ያለበትን፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ምሰሶ ያለበትን ሳትረሱ ሳሉ። ቀጥሎ ካርቶን ቆርጣችሁ ዕቃችሁን በዚያው ልክ ሥሩ። 1.20 በ1.90 የሆነ አልጋ 5 ካሬ በ8 ካሬ ገደማ ይሆናል። መጅሊስ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ከ3 ካሬ ትንሽ ያነሰ ስፋት ይይዛል። ሰው የሚያልፍበት መንገድ ከ80 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ካርቶኑን እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩ፤ ልጆችን አሳትፉ። በመጨረሻ ያማራችሁን ፕላን በጠመኔ በወለሉ ላይ በእውነተኛው ልክ ሳሉትና አንድ ሁለት ቀን ኑሩበት። የጠመኔ ግድግዳ ካልተመቸ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል፤ የብሎኬት ግድግዳ በመዶሻ ነው።

ወንድማችን ቤት ካርቶኑ ምን አሳየ? ሦስተኛ ግድግዳ አያስፈልግም ነበር። በ3 በ3ው ክፍል ውስጥ በአንድ በኩል የአያት አልጋ፣ በሌላ በኩል ለሁለቱ ሴቶች ተደራራቢ አልጋ ገባ። እያንዳንዱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መሐላቸው 1.20 ሜትር መተላለፊያ ቀረ። ባልና ሚስት ወደ ትንሹ ክፍል ሄዱ። 1.50 በ1.90 አልጋ ገብቶ በጎኑ አንድ ሜትር፣ በግርጌው ግማሽ ሜትር ተረፈ። ሁለቱ ወንዶች በሳሎን መጅሊስ ላይ ይተኛሉ፤ ፍራሻቸው ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው። በመግቢያው በርና በመጅሊሱ መሐል ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። በር ሲንኳኳ ወይም ሴት እንግዳ ስትመጣ ይሳባል። መጅሊሱ በሁለት ግድግዳ ሲሰለፍ መሐሉ 2.60 ሜትር ክፍት ቦታ ሆነ፤ ጠረጴዛው ታጥፎ ሲነሳ ቤተሰቡ ጀመዓ ይሰግድበታል።

ልብ በሉ፤ ሸሪዓው የጠየቀው መኝታ እንዲለይና ሰትር እንዲጠበቅ ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ አልጠየቀም። በሱረቱ አን-ኑር አላህ (ሱ.ወ.) ከፈጅር ሰላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ ልጆች ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ አዟል። ስለዚህ ገንዘብ ባነሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው የወላጆች ክፍል በርና ቁልፍ ነው። ባለብዙ ሺህ ብር ጂፕሰም ጣሪያ ተሰቅሎ የባልና ሚስት ክፍል በጨርቅ የተጋረደበት ቤት አይተናል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

ግድግዳ የግድ ካስፈለገስ? ያኔም በቁጥር እናስብ። የብሎኬት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር አንነግራችሁም፤ ቁጥሩ ግን አይለወጥም። የብሎኬት ፊት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ያህል ይገባል። ወንድማችን ያቆመው ግድግዳ 4 ሜትር ርዝመትና 2.60 ከፍታ ነበረው፤ የበሩ ቦታ ሲቀነስ ወደ 110 ብሎኬት ይሆናል። ከነልስኑ ከአንድ ቶን በላይ ክብደት ነው። የፎቅ ወለል ይህን የሚሸከም መሆኑን ሳያረጋግጡ መጫን አደጋ አለው። አግሮስቶን፣ ጂፕሰም ቦርድ ወይም ቁም ሳጥን በጣም ይቀላሉ። እስከ ጣሪያ የደረሰ ቁም ሳጥን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ክፍል ይለያል፣ ልብስም ይይዛል።

በጋራ ሕንፃ ላይ ደግሞ የጎረቤት ሐቅ አለ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የኮንዶሚኒየም ባለቤት የራሱ ቤት አለው፤ ሕንፃው ላይ ግን የጋራ የሆነ አለ። ምሰሶ መቅረጽ፣ የውጭ ግድግዳ መስበር፣ ኮሪደር ላይ ቆርቆሮ መለጠፍ የሰው ሐቅ መንካት ነው። በአንጻሩ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት በግድግዳችን ላይ እንጨት ለመሰካት ሲጠይቀን እንዳንከለክለው ማዘዛቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ሁለቱንም እንያዝ፤ ሳንጠይቅ አንንካ፣ ስንጠየቅም አንጨክን። መዶሻ ከማንሳታችን በፊት የላዩንና የታቹን ጎረቤት ሰዓት እንጠይቅ፤ ሕፃን ያለው አለ፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ አለ።

ስለ እንጀራ ምጣድም አንድ ነገር እንበል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይፈልጋል። ይህን በማከፋፈያ ገመድ ከማቀዝቀዣና ከካውያ ጋር ማያያዝ እሳት መጥራት ነው። ግድግዳ ከመለሰኑ በፊት ለምጣዱ ለብቻው ወፍራም መስመርና የራሱ ማጥፊያ እንዲዘረጋለት ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠይቁ። ቦታውም ከመስኮት አጠገብ ይሁን፤ እንፋሎቱ ይውጣ።

በመጨረሻ የገንዘቡ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ተደብቆ የሚቀረው ነው፤ ቧንቧ፣ ፍሳሽና የኤሌክትሪክ መስመር። ቀጥሎ የመጸዳጃውና የወላጆች ክፍል በር፣ ቀጥሎ ወለል ነው። ሴራሚክ ባይደርስ ሊሾ ይበቃል። ቀለምና ጌጥ መጨረሻ ይምጣ። ካለን ገንዘብ ከመቶ አሥሩን ላልታሰበ ነገር እናስቀምጥ። ዕቁብ ያላችሁ እያንዳንዱን ደረጃ ከአንድ ዕጣ ጋር አያይዙት፤ ዕጣው ሲወጣ አንድ ደረጃ ይጠናቀቃል፤ ብድር አይገባም።

ብድር የግድ ከሆነም ሪባን እንፍራ። ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ለሙስሊሙ የነበረው ጭንቀት ይኸው የባንክ ወለድ ነበር። ዛሬ አልሐምዱሊላህ በሩ ሰፍቷል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመመሪያ ከፈቀደ ወዲህ በርካታ ባንኮች አገልግሎቱን ጀመሩ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ያም ሆኖ ስሙን ብቻ አይተን አንፈርም። በሙራበሓ ውል ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ ለራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ ነው የሚሸጥልን። «መቼ ነው የእናንተ ንብረት የሚሆነው? ክፍያ ብዘገይስ ምን ይጨመርብኛል?» ብለን እንጠይቅ፤ ያልገባንን ለዐሊም እናሳይ።

ውድ አድማጮች፣ ሰፊ ቤት ኒዕማ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለሰው ደስታ ከሆኑ ነገሮች መካከል ሰፊ መኖሪያን ቆጥረዋል፤ ስለዚህ ጠባብ ቤት ያለው ሰው ስፋትን ቢመኝ አይነቀፍም። ግን ደግሞ የእሳቸው የራሳቸው ክፍል እንዴት እንደነበረ እናስታውስ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሌሊት ሲሰግዱ እሳቸው ከፊታቸው ተኝተው ስለሚሆኑ፣ ሱጁድ ሲወርዱ እግራቸውን ነካ ያደርጓቸውና ይሰበስቡላቸው ነበር። ሐሰን አል-በስሪም በወጣትነታቸው ወደ ነቢዩ ባለቤቶች ክፍሎች ሲገቡ ጣሪያውን በእጃቸው ይነኩት እንደነበር ተናግረዋል። ከነዚያ ክፍሎች የወጣው ዕውቀት ዓለምን ሞላ። ጥበቱ እዝነትን አልከለከለም፤ አንዱ ሌላውን ሳያስቀይም ቦታ የሚለቅበት ቤት ነበር።

ልደታ ያለው ቤት ዛሬም 36 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር አልጨመረም። ለመሰናበት ስንነሳ መግሪብ ደርሶ ነበር። የ11 ዓመቱ ልጅ ጠረጴዛውን አጥፎ ግድግዳ ላይ አስደገፈ። አያትየዋ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ውዱእ ሲያደርጉ ትልቋ ልጅ ፎጣ ይዛ ቆማለች። እኛም እዚያው ሳሎን ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ሰፍ ገባን። ከኋላችን ለሴቶቹም ቦታ ተረፈ።

ስለዚህ አደራችን ይህ ነው። ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ደብተርና እርሳስ አውጡ። መጀመሪያ የምትጠይቁት በቤቱ ውስጥ ድምፁ የማይሰማውን ሰው ይሁን፤ አረጋዊቷን እናት፣ ትንሹን ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ ካለችም እሷን። ግንበኛው የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን የእርጋታና የዒባዳ ቦታ ያድርግልን፤ ቤት ለሌላቸውም ሐላል የሆነ ማረፊያ ይወፍቃቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።